አሥራ አራተኛው ፎቶ

ማክሰኞ ጥር 18 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ አምቦ

ይህን ደብተር የሰጠኝ የሳሙና ኩባንያው ሰው ነው። ሽፋኑ ላይ «ጸዳል ሳሙና፤ ከነጭም ነጭ» የሚል ታትሞበታል። ከነጭ ወዲያ ሌላ ነጭ ከየት እንደሚመጣ እነሱ ያውቃሉ። ወረቀቱ ግን ደህና ነው፤ ስለዚህ የሥራ ማስታወሻ ልይዝበት ወሰንኩ።

ሰውየው ገብረአማኑኤል ይባላል። ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጥቶ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆመና «በዚህ መንገድ ካንተ የተሻለ ፎቶ አንሺ የለም አሉኝ» አለኝ። ሲያሞግሱኝ ቶሎ እረታለሁ፤ ሚስቴ ዱሬቲ ሁልጊዜ የምትስቅብኝ በዚህ ነው። ሥራው እንዲህ ነው። ኩባንያው በገበያ ቀን ድንኳን ይተክላል፤ በድምፅ ማጉያ ዘፈን ይለቃል፤ ሴቶች መድረክ ላይ ወጥተው ልብስ በማጠብ ይወዳደራሉ። እኔ ይህን አነሳለሁ። ከፎቶዎቹ አንዱ በትልቁ ታትሞ በየሱቁ ይለጠፋል። መጀመሪያ አምቦ፣ ቀጥሎ ጉደር፣ ከዚያ ጌዶ። ከወደዱልኝ እስከ ነቀምት ያለው ሥራ ሁሉ የኔ ነው።

ችግሩ ፊልሙ ባለቀለም መሆኑ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በጥቁርና ነጭ ሠርቻለሁ። በጥቁርና ነጭ ብርሃን ይበዛል ወይ ያንሳል እንጂ ቀለም የለውም። ለባለቀለም ፊልም ግን የቀን ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ የአምፖል ብርሃን ቢጫ ነው፤ ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ሰውየው ግማሹ የታመመ፣ ግማሹ የሞተ ይመስላል። የሰው ዓይን ቶሎ ስለሚለምደው አያስተውለውም። ገብረአማኑኤል ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። አላውቅም ነበር።

ለዱሬቲ ነገርኳት። «እሰይ!» ብላ ክንዷን ማከክ ቀጠለች። ትናንት ገላዋን የታጠበችው ሰውየው ለናሙና በሰጠን ሳሙና ነው።

«ሳሙናው አልተስማማሽም» አልኳት።

«ይሆናል» አለች።

ቅዳሜ ጥር 29

እግሬ አብጧል፤ ቢሆንም ሳልረሳው ልጻፍ።

የኩባንያው ድንኳን አረንጓዴ ሸራ ሆኖ አገኘሁት። በሸራው ያለፈው ፀሐይ ሰውን ሁሉ ጎመን አስመሰለው። ገብረአማኑኤልን ለምኜ የአንዱን ወገን ሸራ አስጠቀለልኩና የቀን ብርሃን አስገባሁ። በሌላው ወገን ደግሞ በጄኔሬተር የሚሠሩ ሁለት ትልልቅ አምፖሎች አሰቀልኩ። መሐል መድረኩ ላይ ቀኑና አምፖሉ ይጣላሉ። ገበያተኛው በድምፅ ማጉያው ተስቦ ከእህሉም ከከብቱም ተራ እየተወ መጣ።

ሳሙናውን ይዛ እንድትቆም የተመረጠችው የአንድ አስተማሪ ሚስት ነበረች። ጧት ባልየው «ሚስቴ በየሱቁ ግድግዳ አትሰቀልም» ብሎ አስቀራት። ገብረአማኑኤል ላብ በላብ ሆነ። እኔ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ዱሬቲ በጠራራ ፀሐይ ተኝታለች።

«ደግሞ ቀን መተኛት ጀመርሽ?»

«ትንሽ ደከም ብሎኝ ነው።»

«ተነሽ፤ ነጩን ቀሚስሽን ልበሽ። ዛሬ ነቀምት ድረስ የሚታይ ፎቶ ላነሳሽ ነው።»

«ዛሬ ፊቴ ጥሩ አይደለም፣ ተሻለ።»

«ፊትሽን ለኔ ተይው፤ ሥራዬ ነው።»

ተነሣች። ዱሬቲ እምቢ ማለት አታውቅበትም። መድረክ ላይ ከጎረቤታችን ከእታገኝ ጋር አቆምኳቸው። እታገኝ ውድድሩን አሸንፋ ትልቅ ሳፋ ስለተሸለመች ጥርሷ አልከደን ብሎ ነበር። እታገኝ በአምፖሎቹ በኩል፣ ዱሬቲ ሸራው በተጠቀለለበት፣ በቀን ብርሃኑ በኩል። ይህን የምጽፈው ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመጡ የትኛው ብርሃን ምን እንደሠራ ለማወቅ ነው። ከሁሉ የተሻለው አሥራ አራተኛው ይመስለኛል። እታገኝ «ሳቂ እንጂ አንቺ፣ ሳሙና ነው የያዝሽው፣ የሬሳ ሳጥን አይደለም!» ስትላት ዱሬቲ ከልቧ ሳቀች፤ እኔም ያኔ ተጫንኩት።

ሲያበቃ መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቤት ድረስ እንድሸኛት ጠየቀችኝ። እቃ መሰብሰብ ስለነበረብኝ እታገኝ ሸኘቻት።

ረቡዕ የካቲት 3

ፊልሙ ሄደ። የሚታጠበው ውጭ አገር ነው፤ አንድ ወር። የመታወቂያ ፎቶ፣ አርባ ሰው፣ ሁሉም ዛሬውኑ። ዱሬቲ ምሳ አልበላችም መሰለኝ። አልጠየቅኳትም።

እሑድ የካቲት 14፣ የቅበላ ዕለት

ነገ ሁዳዴ ይገባል። ሥጋ ገዛሁ፤ ለስምንት ሳምንት መሰናበቻ ነውና እታገኝንም ጠራናት። ዱሬቲ ጥብሱን አቅርባ ራሷ ግን ወደ ጓሮ ወጣች። «ሽታው አስጠላኝ» አለች። እኔ ላዝን ስል እታገኝ ጠቀሰችኝ።

«ሥጋ የሸተታት፣ ቀን ቀን የምትተኛ ሴት ምን እንደሆነች አታውቅም? አይ ወንድ!»

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ዘጠኝ ዓመት ጠብቀናል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው «ምነው?» ሲለን እሷ አንገቷን ስትደፋ፣ እኔ ወሬ ስለውጥ ኖረናል። ዱሬቲን አልጠየቅኳትም። እንዲህ ያለ ነገር ቀድመው ካወሩት ይሸሻል ይላሉ፤ እሷ ራሷ እስክትነግረኝ እታገሣለሁ። ዝም ብዬ ግን ስስቅ ነው የዋልኩት።

ቅዳሜ የካቲት 20፣ ጉደር

አዳራሽ ውስጥ ነው የሠራነው። በመስኮት ቀን፣ ከጣራ የኩባንያው ረጅም ነጭ አምፖል። ይሄኛው ደግሞ አረንጓዴ ያመጣል አሉ። ግራ የሚያጋባ ሥራ ነው።

የዱሬቲ እናት አዴ ጉዴ እዚሁ ናቸው፤ አዳራሹ ድረስ መጡ። «ዱሬቲን ምነው ተውካት?» አሉኝ። እኔም ፈገግ እያልኩ «ደክሟት ነው» አልኳቸው። የሚገባቸው መስሎኝ ነበር። «ዱሬቲ? ዱሬቲኮ አይደክማትም፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ፈገግታዬን አልተቀበሉልኝም።

ሐሙስ መጋቢት 2

የአምቦው ፎቶዎች መጡ፤ ከደብዳቤ ጋር። ደብዳቤው ላይ አምቦ «ሀገረ ሕይወት» ተብሏል፤ በመንግሥት ስማችን ሲጠሩን ነገር አለ ማለት ነው። ቃል በቃል ልገልብጠው፦

«ፎቶ ቁጥር 14 በአቀማመጡም በፈገግታውም ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ሳለ፣ ሳሙናውን የያዘችው ሴት ፊት ቢጫ ስለሆነ ለንጽሕና ዕቃ ማስታወቂያ አይሆንም። ፎቶ አንሺው መብራቱን በጥንቃቄ ባለመያዙ የደረሰ ጉድለት ነው።»

በጥንቃቄ ባለመያዙ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። አሥራ ስድስት ዓመት ብርሃን ስይዝ የኖርኩትን ሰውዬ ከአዲስ አበባ ወንበር ላይ ሆነው ሊያስተምሩኝ!

ፎቶውን አየሁት። እውነት ነው፤ ዱሬቲ ቢጫ ሆናለች። የፊቷ ቆዳ፣ የአንገቷ ሥር፣ የዓይኗ ነጭ ሳይቀር። አጠገቧ ያለችው እታገኝ ደህና ናት፤ እንዲያውም ቀላ ብላለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አምፖሎቹ የነበሩት በዱሬቲ በኩል ነው። አምፖል ቢጫ ነው። አለቀ።

ለዱሬቲ አሳየኋት። ፎቶውን ይዛ በሩ ላይ ወጥታ ብዙ ቆየች። «እንዲህ ነኝ እንዴ?» አለች።

«አይደለሽም፤ መብራቱ ነው።»

«መብራቱ ከሆነ ጥሩ» ብላ መለሰችልኝ።

እሑድ መጋቢት 5

እታገኝ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፎቶ ቤት ገባች። እንደወትሮዋ አልቀለደችም።

«ተሻለ፣ ዱሬቲን ደህና አድርገህ አይተሃታል? ዓይኗ እኮ…»

«መብራቱ ነው አልኩኮ!» ብዬ ጮኽኩባት። እሷ ስለ ፎቶው ገና ምንም አላወራችም ነበር። ለምን እንደጮኽኩ አላውቅም። «እሺ፣ አንተ ነህ የመብራት አዋቂ» ብላኝ ወጣች።

ዛሬ ጥሩ ዘዴ አገኘሁ። ለነጭ ልብስ ማለቅለቂያ የሚሸጠውን ሰማያዊ ዱቄት በጥብጬ አምፖል ቀባሁ። ሰማያዊው የአምፖሉን ቢጫ ያጠፋል ብዬ ነው። ዱሬቲን ከሥሩ አስቀምጬ ነጭ ነጠላ አስያዝኳት። በዓይኔ አየሁ። ነጠላው ነጭ ሆነ፤ ከነጭም ነጭ። ግድግዳው ነጭ ሆነ። የኔ እጅ ትክክለኛ ቀለሙን ያዘ። ዱሬቲ ግን ገና ቢጫ ናት። ሌላ ድርብ ቀባሁ፤ አሁንም ያው። ዓይኔ ደክሞ መሆን አለበት። ሰባት ሰዓት ሙሉ አምፖል ሳይ ነው የዋልኩት።

«ይበቃኛል ተሻለ፤ ልተኛ» አለችኝ። አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ አድርጌያት ነበር።

ማክሰኞ መጋቢት 7

ለኩባንያው ጻፍኩ። ጉድለቱ የአምፖሉ መሆኑን፣ ማተሚያ ቤቱ ቀለሙን ማስተካከል እንደሚችል፣ የሴትዮዋን ቢጫነት እንዲያነሱልኝ። ጥሩ ደብዳቤ ነው። ዛሬ በምሳ ሰዓት ሽሮው ዱሬቲ አፍ አልገባ አለ። «ጾም ከብዶኝ ነው» አለች። ጾምማ ሁላችንንም አክስቶናል። ከንስሐ አባታችን ፈቃድ ጠይቂ፣ ወተት ይፍቀዱልሽ አልኳት። እንዲህ ላለች ሴት ይፈቀዳል አሉ፤ አባ ምክንያቱን ሲጠይቋት የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር። «ምን ሆኜ ልጠይቅ?» አለችኝ።

ልጁ ወንድ ከሆነ በአባቴ ስም።

ቅዳሜ መጋቢት 18፣ ጌዶ

ዝናብ። ድንኳኑ አፈሰሰ። ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ገብረአማኑኤል ግን ምሥራች ይዞ ነው የመጣው። ፎቶ ቁጥር 14 ተመርጧል! ማተሚያ ቤቱ ቢጫውን አነሣለሁ ብሏል። የነቀምቱም ሥራ የኔ ነው። «የማን ልጅ ናት ግን? ፈገግታዋ ይገርማል» አለኝ። «ሚስቴ ናት» ስለው ጨበጠኝ። ለዱሬቲ የጌዶ ማር ገዛሁላት።

ቅዳሜ መጋቢት 25

ጨለማ ክፍል ሆኜ የሆስፒታል ሠራተኞች ማኅበር ፎቶ እያጠብኩ ነበር። አዴ ጉዴ ሳይጠሩ ከጉደር መጡ። ከእንጨቱ ግድግዳ ወዲያ ይሰማኛል። ዱሬቲን እጇን ይዘው ወደ በሩ፣ ወደ ፀሐዩ አወጧት።

«ቀና በይ። ወደ ላይ እይ። ኢንተላ ኮ፣ ኢጂ ኬ ማል ታኤ?»

ልጄ፣ ዓይንሽ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። ዱሬቲ የመለሰችውን አልሰማሁም፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። ከዚያ አሮጊቷ ግድግዳውን ደበደቡ።

«ተሻለ! ውጣ!»

«ወረቀት መድኃኒት ውስጥ ነው፤ ብርሃን ከገባ ይበላሻል» አልኳቸው።

እስኪታጠብ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዚያም ለመውጣት አልቸኮልኩም። ስወጣ አዴ ጉዴ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። «የወፍ በሽታ ነው» አሉኝ። «ስንት ጊዜ ሆናት?»

«እርጉዝ ናት» አልኩ። ሁለቱም አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ማለቴ ነበር።

«አይደለሁም፣ ተሻለ» አለች ዱሬቲ። «እንደዚያ ታስብ ነበር እንዴ?»

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ። አሮጊቶች በሁሉ ነገር በሽታ ነው የሚታያቸው አልኩ በሆዴ። እናቷ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ። ዱሬቲ ግን የቀረው ሁለት ሳምንት ነው፤ ጾሙን ልፈጽምና ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ አለች። እናቷ እኔን አዩኝ። አንድ ቃል ከኔ ይጠብቁ ነበር። «ከፋሲካ በኋላ ይሻላል» አልኩ እኔም። ከፋሲካ በፊት ነቀምት መሄድ አለብኝ።

ዓርብ ሚያዝያ 8፣ ስቅለት

ሕዝቡ ሲሰግድ ዱሬቲ ተንበርክካ መነሣት አቃታት። እታገኝና ሌላ ሴት ደግፈው አወጧት። እኔ በወንዶቹ በኩል ነበርኩ። አየሁ። ስግደቱን አቋርጬ አልወጣሁም። ሰው ያየኛል አልኩ።

እሑድ ሚያዝያ 10፣ ፋሲካ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቱ ካልተነበበ ይቅር፤ የማነበው እኔው ነኝ።

ጧት ዱሬቲ ነጩን ቀሚሷን ለበሰችና በሩ ላይ ወንበር አወጣች። ፀሐይ ልሙቅ አለች። አምፖል የለም። ድንኳን የለም። ኩራዝ የለም። የፋሲካ ጧት ፀሐይ ብቻ ነው፤ ለፎቶ ከዚህ የጸዳ ብርሃን አይገኝም። ዶሮውን ይዤላት ወጣሁ። «እንኳን አደረሰሽ» ልል ቀና ስትልልኝ ዓይኖቿን አየሁ። የዓይኗ ነጭ እንደ እርድ ነው። ቀሚሷ ነጭ፣ ነጠላዋ ነጭ፣ እሷ ቢጫ።

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ወደ ውስጥ ገባሁና ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ጥር 29። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፦ እታገኝ በአምፖሎቹ በኩል፣ ዱሬቲ በቀን ብርሃኑ በኩል።

በቀን ብርሃኑ በኩል።

መጋቢት 2 ላይ ደግሞ አምፖሎቹ በዱሬቲ በኩል ነበሩ ብያለሁ። አልተሳሳትኩም፤ ዋሽቻለሁ። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ ለራሴ ዋሽቻለሁ። ፎቶው የመጣ ዕለት አምፖሎቹ የት እንደነበሩ አውቅ ነበር። ያሰቀልኳቸው እኔ ነኝ።

ፊልሙ አልሳተም። ጥር ላይ ያየውን መጋቢት ላይ ነግሮኛል። እኔ አምፖል እየቀባሁ፣ ደብዳቤ እየጻፍኩ፣ ቢጫውን አንሡልኝ እያልኩ ስከራከር፣ ፎቶው ከተነሣ ሰባ አንድ ቀን አለፈ። አሁን ቆጠርኩት።

ስመለስ ዱሬቲ ከዶሮው አንድ ጉርሻ ቆርሳ ይዛ ነበር። እኔን ደስ ይበለው ብላ ልትበላ እየታገለች። «ተይው» አልኳት። አለቀስኩ። እሷ ናት ያባበለችኝ።

ማክሰኞ ሚያዝያ 12

ሐኪም ቤት። ቶሎ አዲስ አበባ ውሰዳት አሉኝ። ነገ በጧቱ አውቶቡስ። አዴ ጉዴም አብረውን ይሄዳሉ። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ሚያዝያ 17፣ አዲስ አበባ

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ በአስተርጓሚ ነው የምንነጋገረው። የሐሞት መውረጃው ላይ እብጠት በቅሎ ዘግቶታል፤ ሐሞቱ ደሟ ውስጥ ገብቷል አለ። ማሳከኩ ከዚህ ነው፤ ምግብ መጥላቷ ከዚህ ነው። እብጠቱ አሁን ወደ ጉበቷ ተሰራጭቷል። ቀዶ ጥገና እናድርግ ብንል አትችለውም አለኝ።

«ቀድመን ብንመጣ ኖሮ?» አልኩት።

ትከሻውን ሰበቀ። ምናልባት፤ ይሄን ማንም በእርግጥ አያውቅም አለ።

«መቼ ነበር መምጣት የነበረብን?»

አስተርጓሚው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ራሱ መለሰልኝ፤ ወጣት ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም። «ዓይኗ ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያያችሁ ዕለት ነዋ፣ ጋሼ።»

ረቡዕ ሚያዝያ 20

ዱሬቲ ወደ አገሬ መልሱኝ አለች። ስለ ፎቶው ጠየቀችኝ፤ ማተሚያ ቤት ገባ አልኳት። «ቢጫውን አነሡት?» አለች። አዎ አልኳት። «ጥሩ። ሰው እንደዚያ እንዲያየኝ አልፈልግም።»

ከዚያ ደግሞ «አንተም ስላልወደድከው ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። እንግዲህ ታውቅ ነበር። ፎቶውን ይዛ በር ላይ የወጣች ዕለት አውቃለች። እኔ መብራት ነው ስላት፣ እንዳላዝን ብላ መብራት ይሁን አለች። ባልና ሚስት ተደባብቀን ተዋደድን።

ማክሰኞ ሚያዝያ 26፣ አምቦ

ቤት ነን። እታገኝ ታጥባታለች፤ አዴ ጉዴ ያጎርሷታል። እኔ ፀሐይ ወደምትገባበት በር አልጋዋን አዞርኩ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ገብረአማኑኤል ወደ ፋሲካ ማግስት ከተዛወረው የነቀምት ሥራ ለምን እንደቀረሁ ጠይቆ ላከ። አልመለስኩለትም።

ሰኞ ግንቦት 9

ዱሬቲ ዛሬ ጧት አረፈች። ከሰዓት በኋላ ቀበርናት።

ረቡዕ ግንቦት 11፣ ሰልስት

ለቀስተኛው ከጉደርም ከወንጪም መጣ። አልቃሾቹ ይዘው የሚያለቅሱበት ፎቶዋን አምጣ አሉኝ። ፎቶ ቤት ገብቼ ሳጥኖቹን ሁሉ አመሰቃቀልኩ። የአውራጃው ሠራተኛ አለ፤ ተማሪው፣ ሙሽራው፣ በዓሉ፣ የማላውቀው ሰው ሕፃን ሁሉ አለ። የዱሬቲ ያለኝ ሁለት ብቻ ነው፤ የሠርጋችን ቀን እና ቁጥር 14። የሠርጉን ሰጠኋቸው። አዴ ጉዴ ፎቶውን ከፍ አድርገው ይዘው በኦሮምኛ ሲያለቅሱ ቃሉ ሁሉ ይገባኝ ነበር፤ «ዓይንሽን ማን አየልሽ» ነው የሚሉት። ከእኔ በቀር ማንም ምን ማለታቸው እንደሆነ አላወቀም።

ሐሙስ ሰኔ 3

ማስታወቂያው መጣ። ገብረአማኑኤል ራሱ ነው ያመጣው፤ መርዶውን የሰማው እዚሁ ሲደርስ ነው። ላንድሮቨሩ ውስጥ ሁለት መቶ ዱሬቲ ጠቅልሎ ይዟል።

ዘረጋልኝ። ማተሚያ ቤቱ የተካነ ነው። ፊቷ ጠይም፣ ጉንጯ ፈካ ያለ፣ ዓይኗ ነጭ። በሕይወቷ አንድ ቀን ራሷን እንኳ ያልፈለጣት ሴት ሳሙና ይዛ ትስቃለች። ከሥሩ «ከነጭም ነጭ» ይላል።

«ካልፈለግህ አንለጥፈውም፤ እኔ ለኩባንያው እነግራለሁ» አለኝ።

ሰው እንደዚያ እንዲያየኝ አልፈልግም ያለችውን አሰብኩ። «ለጥፉት» አልኩት። ደግሞ በመብራት እንዳላሳብብ በጠራራ ፀሐይ ወጥቼ አየሁት፤ በእህል በረንዳው ሱቅ፣ በጠጅ ቤቱ፣ በአውቶቡስ መነሻው። ሰው እጄን እየጨበጠ «ነፍስ ይማር፤ ግን እንዴት አሳምረህ አነሣሃት» ይለኛል። በሳጥኔ ያለውን ግን ማንም አላየውም። የተስተካከለውን አገሩ ሁሉ ይውሰድ፤ እውነተኛው የኔ ነው። በየቀኑ የማየው ያንን ነው።

ቅዳሜ ሰኔ 12

ፎቶ ቤቱን ከፈትኩ። እታገኝ ናት በግድ ያስከፈተችኝ፤ ቁልፉን ከትራሴ ሥር አንስታ ራሷ ከፈተችውና የወንበሮቹን አቧራ አራገፈች።

የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ቦጂያ ይባላል፤ ከጌዶ በኩል ለገበያ መጥቶ ነው። ሚስቱ ፋንቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከተጋቡ ገና ዓመታቸው ነው። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ አምፖሉን ላበራ እጄን ስዘረጋ አልቻልኩም። «ኑ፣ መጀመሪያ ውጭ» አልኳቸው። በሩ ላይ፣ ፀሐዩ ፊት አቆምኳትና «እህቴ፣ ቀና በይ። ወደ ላይ እይ» አልኳት።

አየች። ዓይኗ ነጭ ነው። ንጹሕ ነው።

«ኦቦ ተሻለ፣ ምን አገኘህባት?» አለኝ ቦጂያ። ይስቃል።

«ምንም። ዓይኗ ደህና ነው» አልኩት። ከዚያ ማለት የማይገባኝን አልኩ። «ሚስትህን አንዳንዴ በቀን ብርሃን አውጥተህ እያት።»

«ምን ነካህ? በየቀኑ አያታለሁ እኮ!» አለኝ።

እኔም በየቀኑ አያት ነበር።